ቤት የሚመስል ቤት

ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል፤ ምናልባትም ሠላሳ። በምትሠራበት ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጥግ ባለው ክፍል ውስጥ የትራስ ልብስ እየቀየረች ነበር። የበረንዳው በር ገርበብ ብሏል፤ እዚያ አንድ ባልና ሚስት ቆመው ያወራሉ። ሚስትየዋ፣ «ቤታችን ብንሆን ኖሮ ይሄኔ ተጣልተን ነበር» አለች። ወይም ደግሞ፣ «ቤታችን ብንሆን ኖሮ ይሄኔ ታርቀን ነበር» ነው ያለችው። ከሁለቱ አንዱን ነው፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ዕድሜና ሥራ አጥበው ወስደውታል። የባልየውን መልስ አልረሳችውም፦ «ታዲያ ለዚህ አይደል የመጣነው?»

መልሱ ለሁለቱም ይሆናል። እሷም ወሬውን ለሰው ስታወራ፣ የሰሚውን ፊት አይታ አንድ ጊዜ በጠብ፣ ሌላ ጊዜ በዕርቅ ትጨርሰዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጧል፦ ሰው ሆቴል የሚገባው ከቤቱ ለማምለጥ ነው።

ስለዚህ ልጇ ከከተማ መጥታ፣ ስልኳን እንደ ማስረጃ ከፍ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ሰው እኮ ሆቴል ሰልችቶታል። አሁን የሚፈለገው ቤት ነው» ስትላት አልገባትም።

«የራሱን ቤት ምን አድርጎት?» አለች።

«የራሱን አይደለም። የሰው ቤት። ለሁለት ሌሊት፣ ለሦስት ሌሊት።»

«የሰው ቤት ገብቶ ምን ሊያደርግ?»

«ቤቱ እንዳለ ሊሰማው ነዋ!»

እናት ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አልጋ አንጥፋ በጡረታ የወጣች ሴት ናት። አንሶላውን በፍራሹ ጥግ ስታጥፈው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ስለነበር፣ የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ማዕዘን» አሏት። ስሙ አብሯት ጡረታ ወጥቶ መንደር ገባ፤ አሁን ጎረቤቱም፣ ዳቦ ሻጯም፣ ፖስተኛውም የሚጠሯት በዚሁ ነው።

ቤቷ ጠባብ ባለ አንድ ፎቅ ነው። እንደ እሱ ካሉ ቤቶች ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ፣ ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ዳር ትከሻውን ሰብስቦ ቆሟል። ከታች ሳሎንና ወጥ ቤት፣ ከላይ ሁለት መኝታ ቤት፤ በመካከላቸው አሥራ አንድ ደረጃ ያለው የእንጨት መሰላል አለ፤ ስድስተኛው ሲረገጥ ያቃስታል። ከኋላ ትንሽ ግቢና የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለው። ባሏን የቀበረችው ከዚህ ቤት ወጥታ ነው፤ ልጇን ያሳደገችውም በዚሁ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት የምትጸልየው ከላይ፣ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት አጠገብ ቆማ ነው።

ልጅቷ ቤቱን ፎቶ አንሥታ ድረ ገጽ ላይ አወጣችው። ከላዩ፣ «ሆቴል ሰለቸዎት? ሰው የኖረበት እውነተኛ የመንደር ቤት ይጠብቅዎታል» ብላ ጻፈችበት። ጽፋም ስታበቃ የኖረችበትን ሰው ከቤቱ አስወጣቻት።

«ባለቤቷ ያለችበትን ቤት ማን ይከራያል እማዬ? ሰው ነፃነት ይፈልጋል። እንግዳ ሲኖር ብቻ ነው፣ ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ እናስገባልሻለን። እንዳይታወቅብሽ።»

እትዬ ማዕዘን እሺ አለች። ልጅ ሲለምን እሺ ማለት ልማዷ ነው። ማንም ሳያያት ገብታ ማንም ሳያያት መውጣትንም ሠላሳ አንድ ዓመት ተለማምዳዋለች።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። በሄዱ ማግስት አስተያየታቸው መጣ፦ «ቤቱ ንጹሕ ነው። በጣም ንጹሕ ነው። ፍጹም ሆቴል ይመስላል። ሦስት ኮከብ።»

እትዬ ማዕዘን ይህን ስታነብ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሮጣ ሄዳ ግድግዳ ለሚጋራት ለአናጢው አነበበችለት። «ፍጹም ሆቴል» የምትለዋን ደገመችለት። ማታ ስትጸልይም ይህችን ለይታ አመሰገነች፤ እጄ አልከዳኝም፣ ተመስገን አለች። በነጋታው ልጇ ደወለች።

«እማዬ፣ አየሽው?»

«አየሁት ልጄ! አምላክ ያክብራቸው!»

«እማዬ… ስድብ እኮ ነው።»

ሁለተኛዋ እንግዳ አንዲት መምህርት ነበረች፤ እሷም የቃላት ድሃ አልነበረችም። «አልጋው ውስጥ ለመግባት ሁለት እጅና አንድ እግር ያስፈልጋል» ብላ ጻፈች። «አንሶላው እንደ ፖስታ ታሽጓል። ፎጣው ተጣጥፎ ያየኛል። ከሆቴል ሸሽቼ ሆቴል ገባሁ።»

ከዚህ በኋላ ልጅቷ በአካል መጣች። ይዛው የመጣችውም ወሬ ቀላል አልነበረም። እንዲህ ያሉ ቤቶችን ጠቅልሎ የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት አለ። ቤቱን ለሁለት ዓመት ይረከባል፣ ዕቃውን አውጥቶ የራሱን ያስገባል፣ ሠራተኛም ያቆማል። እናት ደግሞ ከተማ፣ ልጇ ዘንድ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች።

«አሳንሰር አለው» አለች ልጅቷ።

«እኔ ምን ቸገረኝ በደረጃዬ?»

«ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከምታድሪ አይሻልም? ደግሞስ ብቻሽን እዚህ… እማዬ፣ እንቅልፍ እኮ የለኝም።» ቆም አለችና፣ «እሺ፣ አንድ ዕድል። ሦስተኛው እንግዳ ጥሩ ከጻፈ ቤትሽ ውስጥ ትቀሪያለሽ። እሱም ቅር ካለው ለድርጅቱ እፈርማለሁ። ተስማማን?»

እትዬ ማዕዘን ደረጃውን አየች። ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚያቃስት ደረጃ እንደሌለ አስባ ነው መሰል ወጣ ብላ ስድስተኛውን ረገጠችው።

*

አናጢው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ካለ ዕቃ ሁሉ ቦታውን የሚያውቅ መዶሻው ብቻ ነው። ጉዳዩን ሲሰማ እጁን አሻሸ።

«በይ ማዕዘን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማርሽውን በሦስት ቀን አስረሳሻለሁ። ቤት ማለት ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማስተምርሽ።»

«ያንተን ቤት አይቼዋለሁ። በር ከፍቼ ዘግቼዋለሁ።»

«ባለ አምስት ኮከብ እኮ ነው!»

ከሳሎኑ ጀመሩ። አናጢው ሶፋው ላይ ዘፍ አለ፤ ሲነሣ ትራሱ ላይ የጀርባው ቅርጽ ቀረ። የእትዬ ማዕዘን እጅ በራሱ ጊዜ ተዘረጋ።

«እጅሽን ሰብስቢ!»

«ምን አደረግሁ? አላየሁትም እኮ።»

«አንቺ አላየሽውም፤ እጅሽ አይቶታል።»

ከቤቱ አሮጌ ጋዜጣ አመጣና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ፊቱን መለስ ሲያደርግ ጋዜጣውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላዋለች። መጽሐፍ ከፍቶ በሆዱ ደፋው፤ እሷ ገጹ እንዳይጠፋ ምልክት ከተተችበት። ግማሽ ሻይ ያለበት ብርጭቆ አስቀመጠ፤ ሁለት ጊዜ አጥባ መለሰችው። በመጨረሻ አንድ የቆየ ጫማ አምጥቶ ደረጃው ሥር አጋደመው።

«አንዱን ብቻ?» አለች ደንግጣ። «ሌላውስ?»

«ሁለት ከሆነ ሥርዓት ይሆናል።»

ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። «ጫማ፣ ከደረጃው ሁለት ክንድ ርቆ፣ አፉ ወደ መስኮት። ጋዜጣ፣ ዘመም ብሎ። መጽሐፍ፣ በግምባሩ ተደፍቶ» እያለች ከላይ እስከ ታች ጻፈች። አናጢው ከትከሻዋ በላይ አነበበና ቁጭ አለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝርክርክነትንም ልታነጥፊው ነው?»

የባሰው አልጋው ነበር። «ተኝተሽበት ተነሺ፣ ሌላ ምንም አልልሽም» አላት። ተጋደመች፣ ትንሽ ቆየች፣ ተነሣች። አልጋው ማንም ነክቶት የማያውቅ ይመስላል። ለካስ እሷ ስትተኛም አትገላበጥም፤ ዘመኗን ሙሉ ነገ የምታነጥፈውን እያሰበች ነው የምትተኛው። አናጢው ተስፋ ቆርጦ ጫማውን አወለቀና ራሱ ወጣበት። እንዴት እንደሚተኛ ሊያሳያት ነበር ሐሳቡ፤ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ። ማንኮራፋቱ ግድግዳውን አልፎ ከራሱ ቤት ደርሶ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ተኛ። ሲነሣ አንሶላው አንድ ጫፉ መሬት፣ ብርድ ልብሱ ተጠምዝዞ፣ ትራሱ እግርጌ ነበር።

«ይኼ ነው ቤት!» አለ ዓይኑን እያሸ።

እትዬ ማዕዘን አልጋውን መኪና የተገለበጠበት መንገድ የምታይ ያህል አፏን ይዛ አየችው። ግን የሰው ላብ ያለበት አንሶላ ለእንግዳ አይሰጥም። እሱን አነሣች፣ ንጹሕ አመጣች፣ ተኮሰች፣ ከዚያ የተኮሰችውን በሁለት እጇ ጨምድዳ በማስታወሻዋ መሠረት አበላሸችው። ብርድ ልብሱን ግን ንጹሕ መስሏት አልቀየረችውም።

*

ሦስተኛው እንግዳ «አንድ ሰው፣ ሁለት ሌሊት» ከሚል በቀር ስለ ራሱ ምንም አልጻፈም። ከሰዓት በኋላ ደረሰ። እትዬ ማዕዘን ከማጠቢያ ክፍሉ ወጥታ በጎን ባለው መተላለፊያ አጮለቀች። ግራጫ ካፖርት የለበሱ፣ ትንሽ ሻንጣ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ጫማቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ከዚያም ከመግባታቸው በፊት እጃቸውን ሰደድ አድርገው የበሩን መቃን አናት በአንድ ጣት ጠረጉት፤ ጣታቸውንም አዩት።

ፊታቸውን ሳታይ ጣታቸውን አወቀችው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ናቸው።

«አምላኬ፣ ምን አደረግሁህ?» አለችና ማጠቢያ ክፍሏ ገብታ መጋረጃዋን ሳበች።

ሥራ አስኪያጁ ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ የሚኖሩት እዚያው ሆቴሉ ውስጥ፣ አሥራ አራት ቁጥር ነው። የአሥራ አራት ቁጥርን አልጋ ሃያ ዓመት ያነጠፈችው እሷ ናት። ሲፈትሹ አንሶላውን በእጃቸው ጀርባ ይዳብሱታል፤ ከወደዱት ምንም አይሉም። እሷን በሃያ ዓመት ውስጥ ምንም ብለዋት አያውቁም።

ሩብ ሰዓት ያህል ቤቱ ዝም አለ። ስድስተኛው ደረጃ አቃሰተ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ አቃሰተ። ከዚያ የግቢው በር ተከፈተ።

«እትዬ ማዕዘን» አሉ ግቢው መሐል ቆመው። «እዚያ ውስጥ እንዳለሽ አውቃለሁ። ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እጥፋቱ እኩል የሆነ መጋረጃ የሚሰቅል ሌላ ሰው የለም።»

ወጣች። ምን ትሁን? ሽርጧን እያስተካከለች፣ «እንደምን ዋሉ ጌታዬ?» አለች።

«ያንን አልጋ ማን ነው ያነጠፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አትዋሺኝ። ብርድ ልብሱ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ አገኘሁ።» በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩአት። «ቢሮዬ ቁጭ ብዬ እንግዶቼን የወሰዱብኝን የመንደር ቤቶች አንድ በአንድ ሳይ፣ የአልጋሽን ፎቶ አየሁት። የማን እንደሆነ አልጻፉበትም፤ የአንሶላውን ጥግ ሳይ ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። አንቺ ከወጣሽ ወዲህ እንደዚያ ያለ አልጋ ላይ ተኝቼ አላውቅም። አዳዲሶቹ ልጆች ያነጥፋሉ እንጂ አያጠብቁም። ሁለት ሌሊት እንኳ ልተኛ ብዬ መጣሁ።» ድምፃቸው ቀነሰ። «ሰው ቤት ፈልጎ ይመጣል፤ እኔ አልጋ ፈልጌ መጣሁ። አንቺ ደግሞ ቤት ሠርተሽ ጠበቅሽኝ።»

እትዬ ማዕዘን መሬቱ ቢከፈት በገባች። ሠላሳ አንድ ዓመት ካነጠፈችው አልጋ ሁሉ፣ በዓለም ላይ አንድ ሰው ፈልጎት መንገድ የጀመረው ይኸኛው ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ አናጢ አስተኛችበት።

«አሁን ላንጥፍልዎ ጌታዬ። አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

«አይሆንም። አሁን ተከራይ ነኝ። የተሰጠኝን ነው የምመዝነው።»

ያኔ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ሁለቱን አስተያየቶች፣ ድርጅቱን፣ ሰባተኛ ፎቁን፣ ሦስተኛው ፈራጅ እሳቸው እንደሆኑ። ጨርሳ ስታበቃ አፏን ከፈተች። «እንግዲህ ጌታዬ…» ልትል ነው። የቀረውን ቃል ምላሷ ላይ አገላበጠችው። ያላዩትን እንዲጽፉላት ልትለምናቸው ነው፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቷ አጠገብ ቆማ «ከሐሰት ሰውረኝ» የምትል ሴት። መልሳ ዋጠችው።

«እንግዲህ እንዳዩት ይጻፉ» አለች።

«እንዳየሁት ነው የምጽፈው» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ የከፋቸው ግን እሳቸው ይመስሉ ነበር።

ሁለቱን ሌሊት በዚያው በተጨማደደው ላይ ተኙ። በመጀመሪያው ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ግቢ ወጥተው፣ «ይኼ ደረጃው ሥር ያለው ጫማ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «የጎረቤት» አለቻቸው። «ሌላውስ?» አሉ።

*

አስተያየታቸው እንደ እሳቸው አጭር ነበር፦ «ፎቶውና አልጋው አይተዋወቁም። ፎቶው ላይ ያለው የባለሙያ ነው፣ ያገኘሁት የአናጢ ነው። ቤቱ ሰው የሚኖርበት እንዲመስል ብዙ ተደክሞበታል። የምትኖርበትን ሰው ግን ግቢ ውስጥ፣ ማጠቢያ ክፍል ተደብቃ አገኘኋት። ሁለት ኮከብ።»

አናጢው ሲሰማ ተናደደ፤ ቀጥሎ ደግሞ ስሙ ድረ ገጽ ላይ በመውጣቱ ደረቱን ነፋ።

ልጅቷ እሑድ ከሰዓት በአውቶቡስ መጣች። የድርጅቱን ወረቀት በፕላስቲክ ማኅደር ይዛለች። በሩን ከፍታ ስትገባ ጫማው አደናቀፋት።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ቤት ነው» አለች እናቷ። «ቤት እንዲመስል ብለን ነው።»

ልጅቷ ጫማውን አየች፣ ጋዜጣውን አየች፣ በሆዱ የተደፋውን መጽሐፍና የተሰካበትን ምልክት አየች። መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

«የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሆቴል ይመስላል ብለው ሲጽፉ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?» አለች። «እውነታቸውን ነው አልኩ። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመጣ፣ አልጋዬ ሰው ተኝቶበት የማያውቅ ይመስል ነበር። ጠዋት ወለሉ ላይ ትቼው የሄድኩት ሁሉ የለም። አሻንጉሊቴ እንኳ ትራሱ መሐል እጇን አጣምራ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ሁልጊዜ ሌላ ልጅ የምትመጣበት ክፍል ይመስለኝ ነበር። ነገ ሻንጣዬን ይዤ የምወጣ።»

እትዬ ማዕዘን እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ለእንግዶች የማነጥፈው ለሥራዬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ለአንቺ ደግሞ ደክሞኝ ስገባም አልተውኩትም። ያለኝ ሙያ እሱ ነበር ልጄ። ምርጡን የሰጠሁሽ መስሎኝ ነበር።»

ከግድግዳው ወዲያ የአናጢው መዶሻ ከቆመ ቆይቷል፤ ሥራ ትቶ እየሰማ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

«የዓመት ዕረፍትሽ መቼ ነው?» አለች እናት።

«የሚቀጥለው ወር። አሥር ቀን።»

«የት ትሄጃለሽ?»

«ሐይቁ ዳር።»

«የሰው ቤት ተከራይተሽ?»

ልጅቷ ማኅደሩን ከጭኗ ወደ ጠረጴዛው አዛወረች፤ ከጠረጴዛው ወደ ጭኗ መለሰችው።

«ሆቴል» አለች።

ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ነገር ወደቀ። አናጢው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲታገል ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ጋሼ፣ እንሰማዎታለን!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

«እኔም እሰማችኋለሁ!» አለ ድምፁ። «ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ምን ላድርግ?»

«ሆቴል ለምን?» አለች እናት፤ ነገር ለመፈለግ አይደለም፣ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ደክሞኛል እማዬ። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ነው። አልጋ የሚያነጥፍልኝ ሰው…» አለችና ቃሉ ካመለጣት በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ጭቅጭቅ አላጣም። ልጅቷ የሐይቁን ክፍል አስቀድማ እንደያዘችው፣ ሐይቁ የሚታይበት መስኮት እንዳለው ነገረቻት። እናት፣ እዚህ የሚታየው የዳቦ ሻጯ ጣሪያ ቢሆንም ጠዋት ጥሩ ፀሐይ እንደሚያርፍበት ነገረቻት። ልጅቷ፣ ድርጅቱ እንዲህ ያለ ዕድል ደጋግሞ እንደማይሰጥ አስረዳች። እናት፣ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው እርጥበት እንዳለውና ጉልበቷን እንደያዛት፣ እስከ ዛሬ ያልነገረቻትን፣ ያን ጊዜ ነገረቻት። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ግቢ ወጣች፤ የማጠቢያ ክፍሉን ግድግዳ በመዳፏ ነካችው፤ እዚያው ቆማ ቀረች። ስትመለስ ማኅደሩን ሶፋው ላይ ረስታው ቀጥ ብላ ፎቅ ወጣች። ከላይ ድምጿ ተሰማ።

«የትኛው አልጋ ነው የኔ?»

«የፈለግሽው» አለች እናት ከታች።

ሲመሽ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሳይሄድ፣ በሩ ላይ ቆመው ተስማሙ። ልጅቷ ሰኞ ጠዋት ለድርጅቱ ደውላ አንፈርምም ትላለች፤ ቤቱን ከድረ ገጹ ታወርዳለች፤ እናቷ ዛሬውኑ ከማጠቢያ ክፍሉ ወጥታ መኝታ ቤቷ ትገባለች። የሐይቁን ሆቴል ደግሞ ትሰርዝና አሥሩን ቀን ሙሉ እዚህ፣ እናቷ ቤት ታሳልፋለች። አልጋውን ማን እንደሚያነጥፍ ግን ከሩብ ሰዓት በላይ ተከራክረውበት ሳይስማሙ አውቶቡሱ መጣ።